ያልታጠበው ድስት

ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎኝ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ታቦር ሰፈር ያለችው ጎረቤቴ ትኩስ አጥሚት በድስት ይዛልኝ መጣች። የአጃው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ቤቴ ውስጥ የረባ ነገር ስለሌለ፣ ድስቱን ምን አድርጌበት እንደምመልስ ማሰብ ጀመርኩ።

«በይ ቶሎ ገልብጪልኝ፣ ድስቱን እፈልገዋለሁ» አለችኝ።

አያቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ልጅ ሳለሁ አዲስ ከተማ ነበር የምንኖረው። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጎረቤት ነበረችን። አያቴ ወጥ ስትሠራ እኔን አስከትላ እሷ ጋ ትሄዳለች። ወጡን በሴትዮዋ ሳህን ላይ አስገልብጣ ድስቷን እዚያው ትቀበላለች።

«እማማ፣ አጥቤ አመጣልዎታለሁ እኮ!» ትል ነበር ሴትዮዋ።

«ተይው ልጄ፣ ለማታ እሠራበታለሁ።»

ማታ ግን ድስቱ ታጥቦ፣ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ያድራል። አያቴ ለወጡ ሳትሳሳ ለድስቷ መሳሳቷ ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር አይደል?» አለችኝ። «እሷ ደግሞ ምን አላት? ድስቱን ብተውላት፣ ምን እንደምትሞላበት ስታስብ ወጡ አይዋጥላትም።»

አጥሚቱን ገልብጬ ድስቱን ላለቀልቅ ስል ጎረቤቴ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ኧረ ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ።»

ከማን እንደተማረችው አልጠየቅኋትም። ገና ያልበረደውን ድስት ይዛ ወጣች። እኔም ቁጭ ብዬ አጥሚቴን ፉት አልኩ፤ ያለ ሐሳብ ወረደልኝ።