የሕማማት ሳምንት መኖ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ "አረፍሽ" የሚሉኝ ሰዎች አካፋዬን አላዩትም። ደብረ ብርሃን፣ ጓሯችን ውስጥ አንዲት የወተት ላም አለችን፤ እኔና ባለቤቴን የምትደጉመን እሷ ናት። የፋብሪካ መኖ ከአቅማችን በላይ ከሆነ በኋላ ራሴ መደባለቅ ጀመርኩ። ማሽላው ከአሊዩ አምባ ገበያ ይመጣልኛል፣ ጓያው ከደነባ፤ ፉሩሽካና ጨው እጨምርበታለሁ። ጓያ ሽባ ያደርጋል ብለው ጎረቤቶቼ ይሰጉልኛል፤ እኔ ግን የማስገባው ጥቂት ነው። እህሉን እንዳይልም አድርጌ አስፈጭቼ፣ ሸራ ላይ ዘርግቼ በአካፋ ሳገላብጥ ወገቤ ይቆረጣል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት የሚገዛ የለም። እንደ ከተማችን ላም አርቢ ሁሉ እኔም እህሉን ትቼ በጭድ አከርማታለሁ፤ ሳትወድ አብራን ትጾማለች። ፋሲካ ሲቃረብ ደንበኞች ስለሚመለሱ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ድብልቁን በጣሳ በጣሳ መጨመር ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ያን ዓመት ግን ማሽላው ዘገየና በሕማማት፣ ረቡዕ ደረሰ። ስግደቱ ጉልበቴን ጨርሶት ነበር፣ ቀኑም አጥሮብኛል። ሙሉ ባልዲ አቀረብኩላት።

"ምነው ቀስ ብትይ?" አለኝ ባለቤቴ።

"አንተ ልታልባት ነው?" ብዬ አፉን አስዘጋሁት። ባልዲውን ላሰችው፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አገኘኋት። አትበላም፣ አታመሰኳም፤ ጥርሷን ታፋጫለች። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ዘይት ጋታት፣ ሶዳም በውኃ በጥብጦ አጠጣት።

"እናቴ፣ እርስዎ ፋሲካ ሲደርስ ሆድዎ እንዳይደነግጥ መጀመሪያ ተልባ ይጠጡ የለ?" አለኝ። "እሷንስ ምነው በአንዴ?"

ካመሰኳች ትተርፋለች ብሎ ሄደ።

ዓርብ ጭራሽ መነሣት አቃታት። ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ በረት ውስጥ ዋልኩ። ባለቤቴ "ሳትሞት ብናርዳት..." ብሎ ጀመረና ቀኑ ትዝ ሲለው ተወው። በስቅለት ማን ያርዳል? ተናደድኩበት፤ የተናደድኩት ግን በራሴ ነበር። እሷን ካጣን ሌላ የምንገዛበት አቅም የለንም። ያለቀስኩት ግን ለዚያ ብቻ አይደለም፤ ስምንት ዓመት እጅ እጄን እያየች የኖረች ፍጥረት ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ ቄጤማ ሲያድሉ ባለቤቴ ለሁለታችን ተቀብሎ መጣ። የራሱን ግንባሩ ላይ አሰረ። እኔ የደረሰኝን እንደያዝኩ ላሟ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንገቷን ዘርግታ አሸተተችው፣ ጫፉንም ጎተተች። ለቀቅኩላት። የተባረከ ቄጤማ ለከብት ይሰጥ አይሰጥ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቀስ እያለች ጨረሰችው። እግሬ እስኪደነዝዝ ጠበቅኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ሽቅብ ሲወጣ አየሁ፤ መንጋጋዋም መዞር ጀመረ።

በማግስቱ ደንበኞቻችን ጠርሙስ ይዘው መጡ። ወተት እንደሌለ ስነግራቸው ምን እንደሆነች ጠየቁ።

"ያው የዘንድሮ መኖ..." አለ ባለቤቴ፣ ሊሸፍንልኝ።

"መኖው ምንም አላደረገም" አልኳቸው። "እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር።"