ቲቸር እንድሪስን ጨረር አልገደለውም

ጠዋት «ቲቸር እንድሪስ አረፈ» የሚለውን መልእክት ሳነብ የክፍል ልጆች ቀልድ መስሎኝ «እናንተን ብሎ ቀልደኛ» ብዬ መለስኩ። ትናንት እኮ መናኸሪያው ፊት ለፊት ቆሞ «ጥናት እንዴት ነው?» ብሎኛል። ትናንት!

ከቀትር በኋላ ቀበርነው። አሁን ከለቅሶ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ደክሞኛል። ግን ከተማችንን መካነ ሰላምን ሲዞር የዋለ አንድ ወሬ አለ፤ እሱን ሳልናገር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወሬው «ጨረር ነው የገደለው» ይላል። ያስጀመረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ አያቴ፣ አባባ ታደሰ። አባባ ሬዲዮ ስለሚሰሙ ከሐኪም በላይ ናቸው።

ለማታውቁት፣ ቲቸር እንድሪስ የፊዚክስ አስተማሪያችን ነበር። «አንቱ» ስንለው «ገና ልጅ ነኝ፣ አንተ በሉኝ» ይል ነበር። ውጭ አገር ሄዶ ያጠናው ድርብርብ ሴራሚክ ነው፤ እንደ ሸክላ የጠነከረ፣ ግን ስስ ስስ ሆኖ በንብርብር የተሠራ ነገር። እሱን በአዮን ይደበድቡታል። አዮን ኤሌክትሮን የጎደለው ወይም የተረፈው አቶም ነው፤ በማሽን ይወነጨፋል። ከዚያ ሴራሚኩ ምን ያህል እንደተጎዳ ያያሉ። የኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ገብቶ ጨረሩን የሚችል ነገር ፍለጋ ነው።

ይሄ ሁሉ የገባኝ ክፍል ውስጥ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰርግ ላይ ነው።

ቲቸር እንደ ልማዱ በር አጠገብ፣ አየር የሚያገኝበት የአግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከጎኑ ነኝ። አባባ ሲገቡ ዳሱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። «በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጡ!» እያሉ መሃል ድረስ ዘለቁ። ሲቀመጡ ግማሹ ሰው ቦታውን አጥቷል።

ቲቸር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አየሽ? አዮኑ ገባ» አለኝ።

«እንዴት?»

«አግዳሚዎቹ ንብርብሮቹ ናቸው። አዮኑ ባለፈበት አቶሞቹ ከቦታቸው ተነሱ። እዚያ ባዶ ቦታ፣ እዚህ ቦታ ያጣ ሰው። አሁን በአግዳሚዎቹ መሃል ያለውን መተላለፊያ እዪ። ቦታ ያጣው በእሱ ዞሮ ባዶውን ያገኛል። ድርብርቡ ምቱን የሚችለው ለዚህ ነው።»

«ሽማግሌ ሲበዛስ?»

«ሴራሚኩ ያብጣል፣ ይሰነጠቃላ። መቻልም ልክ አለው።»

ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አይጠፋም!»

ተማሪዎቹ የነበራችሁ ይቺን አባባሉን ታውቋታላችሁ። ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን አራተኛ ሲመጣ የሚላትን።

ዛሬ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ እናቱ እማማ ሀዋ እጄን ይዘው ጎናቸው አስቀመጡኝ። «አንቺ ተማሪው ነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሂድ፣ ተማር ብዬ የገፋሁት እኔ ነኝ። ልጄን የበላው ጨረሩ ነው?»



በዚህ መሃል ማን ቢገባ? አባባ። «ኖር!» ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ተተራመሰ፣ ቦታ ፈለገ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ያ የሚወነጨፈው ነገር እንደ አባባ ነው። ገብቶ የሚያተራምሰው ሴራሚኩን ነው። ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ጥልቀት እዚያው ውስጥ ይቆማል። ማሽኑ ዝግ ነው፤ ቲቸር ሌላ ክፍል ሆኖ በስክሪን ነበር የሚያየው። ራሱ ነው የነገረን። እሱን አልነካውም።»

አባባ ጆሯቸው ለሐሜት ሲሆን ደህና ይሰማል። «እኔን ነው ጥይት የምትዪው?»

«አዮን ነዎት አባባ። እርስዎ ሲገቡ ሰው ቦታ ያጣል።»

እማማ ሀዋ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ልቡ ነው። ሐኪሙም ልቡ ነው ብሎኛል። ሳይሄድም ያመው ነበር። ልጅ እያለ ዳገቱ ሲያቅተው አዝዬው ነበር ትምህርት ቤት የማደርሰው» አሉ። እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘውት ነበር፤ ያኔ ላላ አደረጉት።

«አብሽሪ ሀዋ» አሉ አባባ። ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ምን በወጣቸው! ሲወጡ በር ላይ ላገኙት ሁሉ «ጨረር አይደለም፣ አዮኑ ሴራሚኩ ላይ ነው የሚቀር» እያሉ ሲያስተምሩ ሰማኋቸው። ነገ ዲግሪ ይጠይቃሉ።

ቲቸር፣ ወሬውን አስተካክለነዋል፤ በአባባ በኩል ስለሆነ እስከ ጎረቤታችን ከላላ ወረዳ ይደርሳል። እናትህም ሰምተውኛል።

ማታ ልወጣ ስል ድንኳኑን ዞሬ አየሁት። ሰው ሁሉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ተቀምጧል። በር አጠገብ ያለው የአግዳሚ ጫፍ ግን ባዶውን ነው። ማንም አልተጠጋበትም። ቦታ አይጠፋም ትለን ነበር፤ ይኸው ዛሬ ተረፈን።

ሂድ እሺ። እዚያ ስትገባ ሁሉም ተነስተው ኖር ይበሉህ። አንቱ ካሉህ ግን እኛን እንደምትቆጣን ተቆጣቸው።