ሁለቴ ብልጭ፣ ሁለቴ ብልጭ

በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለእናንተ ነው የምናገረው፤ ስለማታውቁኝ።

ደብረ ማርቆስ መካኒክ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ስሜን ለመጻፍ ያህል ነው፤ የመኪና መብራት ግን አነብ ነበር። ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት አለች። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሞተሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀዳዳ በቁራጭ ሽቦ ስታገናኙ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች የመኪናዋን ጥፋት በቁጥር ትናገራለች። እኔ እቆጥራለሁ። ሰው ተደነቀብኝ። እኔም በራሴ ተደነቅሁ።

የእህል ነጋዴው የአቶ ደረበ ፒክአፕ ውሃ እያፈላች አስቸገረችና የውሃዋን ዝውውር የምትከፍት የምትዘጋውን ቴርሞስታት ቀየርሁላት። በአራተኛው ቀን ጤፍ እንደጫነች ሉማሜ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ቆመች። ሾፌሯ አንማው አስጎትቶ አመጣት። አምስት ልጅ ያለው፣ ከእኔ ጋር የሚካኤልን ማኅበር የሚጠጣ ሰው ነው። አቶ ደረበም እየተቆጣ መጣ።

ሽቦዬን አስገባሁ። ሁለቴ ብልጭ፤ ዕረፍት፤ ሁለቴ ብልጭ። ሁለት ሁለት ማለት የውሃውን ሙቀት የምትለካዋ ሴንሰር ናት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሽቦዋ ከቴርሞስታቱ ብሎን ሥር ተጨፍልቃለች። ያን ብሎን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነካውም። እኔ ነኝ።

«ምን አለች?» አለኝ አቶ ደረበ። «ይህ ሰውዬ ሳያስፈቅደኝ ቴፕ ገጥሞባታል፤ እሱ ነው አይደል ያበላሻት?»

አንማው ሳቀ። «ቴፑስ ለራሱም ድምፅ የለው፣ ምን ያበላሻል! ጋሼ፣ ንገረው እንጂ። አንተ ካልህ አለቀ።»

አንተ ካልህ አለቀ አለኝ። እኔስ ምን አልሁ?

«ቴፑን ሲገጥም ሽቦ ነካክቷል» አልሁ።

አቶ ደረበ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጣ። ከእንግዲህ አንተን አያሳየኝ።»

አንማው ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህ ምናልባት እውነቱ ከአፌ ያመልጠኝ ነበር። እሱ ግን መዳፉን ገልብጦ አየና «እኔ እኮ አላወቅሁም፣ ጋሼ» አለኝ። ከገዛ እጁ ይልቅ እኔን አመነ።

ምን ፈርቼ ነው? ቢበዛ ከተማው «መብራት አንባቢው ሽቦ ጨፈለቀ» ብሎ ይስቅብኝ ነበር። ለዚህ ነው? ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ለአንማው ቁልፍ የሰጠው ባለመኪና የለም። ዛሬ ደምበጫ በፈረስ ጋሪ ዕቃ ያመላልሳል። በዚያ ሳልፍ ሲያየኝ አለንጋውን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ ለተሳፈረውም «መኪና አበላሽቼ ነው ፈረስ ላይ የወደቅሁት» እያለ ይቀልዳል። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

የንስሐ አባቴ የአንማው ታላቅ ወንድም ናቸው። ጾም በገባ ቁጥር «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። ብነግራቸው ዓይናቸውን በምን ዓይኔ አያለሁ? ሌላ አባት ብይዝ ለምን ተውኸኝ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ይኸው ስንት ዓመት እዚያው ብሎን ሥር ተጨፍልቄ አለሁ። ያጠበቅሁትም እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የሚለኝ አንማው ነው፣ እሱ ደግሞ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ነግሬያችሁ ላብቃ። አንማው በሌለበት ብሎኑን ፈታሁ። ሽቦዋን ቀጥዬ በናስትሮ ጠቀለልሁ። ከዚያ ፊውዟን ነቅዬ እስከ ስልሳ ቆጠርሁ፤ እንዲያ ሲደረግ መኪናዋ ጥፋቱን ትረሳለች። መልሼ ሰካሁና አስነሳኋት። ቢጫዋ መብራት ጠፋች።

አቶ ደረበ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እጅህ ይባረክ» አለኝ።

«አሜን» አልሁ።