የኡሙሀኒ ቢላዋ

መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ ያሉ ሙስሊም ሴቶች ወንድ ከቤት ሲጠፋ ዶሯቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ኡሙሀኒ ይሄዳሉ። ኡሙሀኒ መግደርደር አታውቅም። ቢላዋዋን ትስላለች፣ ፊቷን ወደ ቂብላ ታዞራለች፣ ቢስሚላህ ትላለች፣ አለቀ። ሴት እንዴት ታርዳለች ብሎ የሚያጉረመርም ቢገጥማትም አትከራከርም። ደሙን ጠርጋ ቤቷ ትገባለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ወሎ፣ ወረባቦ ስታድግ እናቷ አጥብቃ ያስተማረቻት ነገር ቢኖር ሴት ያረደችው በክት ነው፣ አፍ አይገባም የሚል ነው። እናቷ ዶሮ ታቅፋ ደጅ ላይ ቆማ፣ ወንድ መንገደኛ እስኪያልፍ ግማሽ ቀን ስትጠብቅ አይታለች። ባሏ አብዱልወዱድ ለንግድ ወደ መቀሌ ሲያመጣት ይህንንም ከጓዟ ጋር ይዛው መጣች። እሱ ከሞተም በኋላ ቢላዋዋ ከሽንኩርት አላለፈም።

ከዚያ ጦርነቱና ያ የመዘጋት ዘመን መጣ። የልጇ የሬምላ ባል በድሩ ዕቃ ሊያመጣ ደሴ እንደወረደ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም አብሮ ጠፋ። የግቢው ባለቤት ለተመድህን ደግሞ አንድ ልጇ ፍትዊ ግንባር ከሄደ ወሬው የለም። በዚያ ግቢ ወንድ የሚባል አውራ ዶሮው ብቻ ቀረ።

በ2014 ጥር ላይ ሬምላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደም ግን ብዙ ፈሰሳት። አዋላጇ የምሰጣት መድኃኒት የለኝም፣ ያላችሁን አብሏት አለች። ያላቸው ዶሮ ነበር። ኡሙሀኒ ራሷ ጦሟን እያደረች ለዚህ ቀን ያቆየቻቸው አምስት ዶሮዎችና አንድ አውራ። ጠሃ የሚባል የአገሯ ሰው፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚሸከም፣ በየጁምዓው ከሰላት በኋላ እየመጣ አንድ አንድ ሊያርድላት ቃል ገባ። የመጀመሪያዋን አረደላት። ሬምላ ሾርባውን ጠጥታ ፊቷ ላይ ትንሽ ደም ታየ፤ ኡሙሀኒ ያን ቀን በደስታ አለቀሰች።

ጥፋቱ የጀመረው ከጣውላ ነው። የአራሷን ገላ ለማጠብ ውኃ ማሞቂያ ማገዶ ጠፍቶ ኡሙሀኒ ከዶሮ ቤቱ ሁለት ጣውላ ነቅላ አንድዳለች፤ ክፍተቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍናዋለች። ሽለምጥማጥ ደግሞ ከረጢት ምኑ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ ግቢው ላባ በላባ ሆኗል። የራበው አውሬ በልቶ ይሄዳል፤ ይህ ርጉም ግን የአራቱን ማንቁርት በጥሶ፣ ደማቸውን መጥጦ፣ ሥጋቸውን ዞር ብሎም ሳያየው ሄዷል። አንዲት ቀይ ዶሮ ብቻ አንገቷ ተቦጭቆ ጥግ ላይ ትንፈራገጣለች።

ለተመድህን የኡሙሀኒን ጩኸት ሰምታ ወጣችና ዶሮዋን አቀፈቻት።

«ቶሎ በዪ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሳትሞት» አለቻት።

ኡሙሀኒ ቢላዋውን አመጣችና ደርቃ ቆመች። ለተመድህን ብታርዳት የክርስቲያን ሥጋ ነው፤ የጎረቤቱ ወንድ ሁሉ እንደዚያው። ራሷ ብታርዳት የእናቷ በክት ነው። ቢላዋውን መሬት ላይ ጥላ ወደ ጠሃ ሮጠች።

ነዳጅ ከጠፋ ቆይቷል፤ ባጃጅ የለ፣ ታክሲ የለ። የሃምሳ ዓመት ሴት በባዶ ሆዷ፣ ጫማዋ እየወለቀ፣ ሮማናት አደባባይን አቋርጣ ወፍጮ ቤቱ ደረሰች። ጠሃን ጎትታ ስትመለስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ለተመድህን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ነጠላዋ በደም ርሷል፤ የዶሮዋ አንገት ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቢላዋው አጠገቤ ነበር» አለች። «እኔ ባርዳት ለእናንተ አይሆንም ብዬ ያዝኳት ብቻ።»

ጠሃ በልጅነቱ ኪታብ የቀራ ሰው ነው። ነገሩ ግራ ገባው።

«እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ለምን አላረዱም? ሴት ቢስሚላህ ብላ ብታርድ'ኮ ሐላል ነው።»

ኡሙሀኒ አላመነችውም። ሁለቴ አስደገመችው። ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ከውስጥ ሬምላ በቀጭን ድምፅ «እማ፣ ታረደች?» ብላ ጠየቀች። የጠሃን ድምፅ ሰምታ ሾርባውን እየጠበቀች ነበር።

ዶሮዎቹን ቀበሯቸው። ሬምላ በአጥሚት ዐሥራ አንድ ቀን ሰነበተችና ሕፃኗን ነዒማን ለአያቷ ትታ ሄደች። መድኃኒት በጠፋበት ከተማ አንዲት ዶሮ ምን ልታደርግ ነው የሚል ይኖራል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሄዶ ለኡሙሀኒ ይንገራት፤ እኔ አልነግራትም።

ለሬምላ ሰደቃ ጎረቤት እንደምንም አዋጥቶ አንዲት ዶሮ ተገኘች። ጠሃ ሊያርድ እጅጌውን ሲሰበስብ ኡሙሀኒ ቢላዋውን ከእጁ ወሰደች። ለተመድህን ምንም ሳትጠይቅ ጎንበስ ብላ ክንፏንና እግሯን ያዘችላት። ኡሙሀኒ ወደ ቂብላ ዞራ ቢስሚላህ ብላ አረደች። በዕድሜዋ ለሬምላ ያረደችላት ዶሮ ያቺ ብቻ ናት።