ከመዳብ የታተመችው እናት

ሚስቴ ባረፈች በዓመቱ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑትን አንዲት እትዬ አርብ አርብ ፓሳዴና ከተማ ያለው ሐኪማቸው ዘንድ ድራይቭ አድርጌ እወስዳቸው ነበር። እሳቸውን እየጠበቅሁ አንድ ቀን ከሐኪም ቤቱ አጠገብ ካለው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ሥዕል ተሰቅሏል፤ መዳብ ላይ በሹል ብረት ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ። የሚያሳየው ሐውልት ነው። አንዲት እናት የመጨረሻ ልጇን በቀሚሷ ሸፍና ሽቅብ ታያለች። በግሪኮች አፈ ታሪክ፣ በልጆቿ ብዛት ስለተመካች አማልክቱ ልጆቿን ፈጁባት፤ እሷም ከሐዘኗ ብዛት ድንጋይ ሆነች። መዳቡን የቀረጸው ሰው የእብነ በረዱን ስንጥቅ እንኳ አልተወም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እትዬ ተሻላቸውና ሕክምናውን ጨረሱ። እኔ ግን አርብ ሲመጣ እግሬ አላርፍ አለ። ሥዕሉ ከግድግዳው ቢወርድም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ እንደሚያሳይ ሰምቼ ስለነበር ደወልኩ። ፎርሙ የጥናቴን ርዕስ ሲጠይቀኝ "የሐውልት ሥዕሎች" ብዬ ሞላሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት የሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር የለም።

ሥዕሎቹ የሚታዩበትን ክፍል የምትጠብቀው ሽበታም ሴት "ዶክተር" ትለኝ ጀመር። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴ ታስቀምጥና "ሌላ የሚፈልጉት አለ?" ትለኛለች። በሳምንቱ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ልጄ የሚኖረው ቴክሳስ ነው። ሲደውል "አባዬ፣ ኦኬ ነህ?" ይላል፤ "ኦኬ ነኝ" እላለሁ፤ በቃ።

ሁለት ወር ገደማ እንደተመላለስኩ "ጥናቱ ከምን ደረሰ?" አለችኝ።

ልዋሽ አስቤ አልሆነልኝም። "ዶክተር አይደለሁም" አልኳት። "የምጽፈውም የለኝም። ቤት ብቻዬን ስለሆንኩ ነው የምመጣው።"

መነጽሬን አንስቼ ልወጣ ስል፣ ወደ ውስጥ ገባችና ሌላ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ያቺው እናት ናት፤ ፊቷ ግን ወደ ተቃራኒው ጎን ዞሯል።

"ይቺን የቀረጻት ሌላ ሰው ነው" አለችኝ። "ሐውልቱን እንዳየው መዳቡ ላይ ቀረጸው፤ ሲታተም ግራው ቀኝ ሆነ። የመጀመሪያው ግን ይህን አውቆ ገልብጦ ነው የቀረጸው።"

ከዚያ ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ክፍሉ እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱን እናቶች አንድ ላይ አየናቸው።

አሁን በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ አጠራሩ ግን ትንሽ ይከብዳታል። ለአርብ እንደምንም መላ አገኘሁለት። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ግን የቤቴ ዝምታ ያው ነው።