ዳባት ላይ የመለስኩት ጉርሻ

ከጎንደር መነሣት

ዳባት የሄድኩት ከታላቅ እህቴ ከአለሚቱ ጋር ለመታረቅ ነው። በአባታችን መሬት ክፍፍል ተቀያይመን ብዙ ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል። ሁለታችንም ሸምግለናልና አንዳችን ሳንታረቅ እንዳንሞት ፈርቼ ሽማግሌ ላክሁባት፤ የዕርቁም ቀን ተቆረጠ።

ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት የውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሎኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ፈረንጁ ሐኪም ስኳር በሽታ ነው አለኝ። በአስተርጓሚው አፍ የምተወውን ነገረኝ፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ድንች፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጠላ፣ ማር። ሽሮም ቢሆን በልክ። ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተትና ጎመን ግን ተፈቀደልኝ።

አስተርጓሚው ምክንያቱን ሊያስረዳኝ ሲል በእጄ አስቆምኩት። እኔ ፊደል የለየሁት ያለ መምህር ነው፤ የጣሊያን ሞተር አሠራርም ቆሜ በማየት ብቻ የገባኝ ሰው ነኝ። ቤቴ ገብቼ ቁራሽ ዳቦ ያለ ወጥ አላመጥኩ፤ ሳልውጠው ብዙ ቆየሁ። አፌ ውስጥ ጣፈጠ። ቅቅል ድንች ሞከርኩ፤ ያም እንዲሁ። ስኳሩ እህሉ ውስጥ መሆኑን በገዛ ምላሴ ደረስኩበት። በጎንደር ከተማ ይህን በራሱ መርምሮ ያወቀ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ረፋድ ላይ

ጨው በጫነ ማኪና ላይ በሁለት ብር ተሳፈርኩ። ዳገቱን ጨርሰን ወገራ ስንገባ ነፋሱ ጋቢዬን ሰርስሮ ገባ። ግራና ቀኙ ለአጨዳ የደረሰ ገብስ ነው፤ በየመሐሉ ሰዎች ጎንበስ ብለው ድንች ያወጣሉ። አምባ ጊዮርጊስ ቆምን። ሴቶች ትኩስ ቅቅል ድንች ይዘው ማኪናውን ከበቡት።

አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ባልቴት ከመቀነቷ ቆሎ ዘግና ዘረጋችልኝ። አልቀበልም አልኩና ምክንያቱን ለተሳፋሪው ሁሉ አስረዳሁ። ቆሎ ቢጠበስም ያው ገብስ ነው፤ በሶ ቢፈጭም ያው ገብስ ነው፤ ጠላም ገብስ ነው፤ ድንች ደግሞ ከመሬት በታች ያለ እንጀራ ማለት ነው አልኳቸው።

«ይኼን ሁሉ ከተዉ ምን ሊበሉ ነው አያ? ነፋስ?» አለች ባልቴቲቱ። ማኪናው በሳቅ ተናጋ።

እኔም ላሳፍራት ብዬ ከቦርሳዬ ቋንጣዬን አወጣሁ።

«ኧረ በስመ አብ! ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!»

እውነቷን ነው። በዓላትንና አጽዋማትን በቃሌ የማሰላ ሰው፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ሳስብ ዓርብን ረሳሁት። ቋንጣውንም የቀቀልኩትን ዕንቁላልም መልሼ ከተትኩ። ዳባት የደረስኩት ምንም ሳልቀምስ ነው።

ዳባት፣ ከሰዓት በኋላ

እህቴ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ዋናው አስታራቂ፣ ጎረቤቷ አያ ታከለ፣ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው። ተነሥተን ተሳሳምን። አለሚቱ ጉንጬን ይዛ «ሸበትህ እኮ አንተ መኮንን» አለችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ መሶቡ ቀረበ። በዚያ አገር የታረቁ ሰዎች ካልተጎራረሱ ዕርቁ አላለቀም። የገብስ እንጀራ ነው፤ ላዩ ላይ የድንች ወጥ ፈስሶበታል። እህቴ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች።

«አልበላም» አልኩ።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ምነው?»

አሞኛል ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ደካማ መባል ሞቴ መሰለኝና ማስተማር ጀመርኩ። ገብስ እንዲህ ነው፣ ድንች እንዲያ ነው፣ አዋቂ ሰው ይህን አይበላም እያልኩ በማኪናው ላይ ያልኩትን ሁሉ ደገምኩት። እዚህ ግን የሳቀ የለም።

«ምነው መኮንን፣» አለ አያ ታከለ፣ «እህል ሳትቀምስ ታረቅሁ ልትል ነው?»

አለሚቱ ጉርሻውን ከመሶቡ ጠርዝ አኖረችው። «ተዉት። አባታችን ያሳደገን ገብስ ለጎንደር ሰው አልመጠነም። ቂሙም እንዳለ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። በነጋታው እስከ መንገዱ የሸኘኝ ባሏ ነው። እሷ ከጓዳ አልወጣችም።

ጎንደር፣ ቤቴ

ምግቡን አጥብቄ ያዝሁ። ለዓርብና ለረቡዕ ጎመን በዘይት፣ ለሌላው ቀን ሥጋና ዕንቁላል። ከወር በኋላ ሐኪሙ መርምሮ ስኳሩ መውረዱን ነገረኝ፤ ከበሽተኞቹ ሁሉ ትእዛዝ በመጠበቅ አንደኛ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የጉርሻውን ነገር ባወራለት ግን አስተርጓሚው ሳይቀር ደነገጠ።

«አንድ ጉርሻማ ምን ያደርግዎ ነበር? የዘወትር ማዕድ አያድርጉት አልን እንጂ!»

ያን ጊዜ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ ወደ ዳባት ለሚወጣ ነጋዴ መታመሜን ለእህቴ እንዲነግርልኝ አደራ አልኩ። ሰውዬው መልሱን ይዞ መጣ። ሲነግረኝ ዐይኔን አያይም።

«አለሚቱ እንዲህ አለች፦ ያን ሁሉ ሲያስተምረን ውሎ አሞኛል ማለት እንዴት አቃተው? ከጓሮዬ ጎመን ቀንጥሼ አላጎርሰውም ነበር?»

ይህን አመጋገብ ለምትጀምሩ ሁሉ የምትተዉትን እኔ ከማንም አብልጬ ልነግራችሁ እችላለሁ። ሰው ቤት ስትገቡ ግን መታመማችሁንና የምትበሉትን አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ የማልበላውን ስቆጥር ዋልኩ፤ እህቴ ደጅ ዳግመኛ ሽማግሌ ልልክ ብል የሚሄድልኝ አላገኘሁም።