ትንሿ እሳት

የልጅ ልጄ ሕሊና በኢንተርኔት በምትጫወተው ጨዋታ አስማተኛ ናት። ካዛንቺስ ቤታችን ቁጭ ብላ አንዷን ቁልፍ ቀጭ ቀጭ እያደረገች ትንሽ እሳት ትወረውራለች።

«ትልቁን እሳት ለምን አትወረውሪም?» አልኳት።

«ጉልበቴን ይጨርሰዋላ፣ እማማ! እጅ የሚፈታው በትንሿ ነው፣ በቃ።»

አነጋገሯ ወደ ልጅነቴ፣ ቂርቆስ አክስቴ ቤት መለሰኝ። ፈትል ሲያስተምሩኝ ንጹሑን ጥጥ ከልክለው ጉድፋሙን ብቻ ይሰጡኝ ነበር።

«እጅሽ እስኪፈታ በዚህ ተለማመጂ። ቶሎ በይልኝ፣ እየመሸብኝ ነው» ይሉኛል። በመስኮቱ የቀትር ፀሐይ ይገባል። ግራ ይገባኝ ነበር።

ክሩ ሳይበጠስ የወጣልኝ ዕለት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ እንዝርታቸውን ጭኔ ላይ አኖሩት፤ ዳግመኛም አልነኩት። ዓይናቸው እየጠፋ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

«እማማ፣ ደረጃ ጨመርኩ!» አለች ሕሊና።

«ጎበዝ» አልኳት። ጣቶቿን በጣቴ ዳሰስኳቸው።